«ሁሉም ታካሚዎች ዳኑ!»፦ የካንሰር ምርምር ዜና ሲደርሳችሁ ምኑን ታያላችሁ?

«በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የካንሰር መድኃኒት ተገኘ! የወሰዱት ሁሉ ዳኑ!» ይህችን ፖስት ያላየ ሰው ያለ አይመስለንም። ከ2022 ጀምሮ በፌስቡክና በቴሌግራም ትዞራለች፤ ትንሽ ጠፋ ትልና ፎቶዋን ቀይራ ትመለሳለች። በመጣች ቁጥር ታዲያ ኢንቦክሳችን ይሞላል። «ይሄ ነገር እውነት ነው? እኛ አገርስ ገብቷል?» ብለው ከሚጠይቁን ብዙዎቹ ቤታቸው የታመመ ሰው ያለባቸው ናቸው። ስለዚህ «ፌክ ነው» ብሎ ማለፍ አይሆንም። ደግሞም ፌክ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በጁን 2022 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» በሚባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። ኒውዮርክ የሚገኘው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ሐኪሞች ዶስታርሊማብ የተባለ መድኃኒት የሬክተም (የትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል) ካንሰር ላለባቸው ሰዎች ሰጡ። ሕክምናውን ጨርሰው ውጤታቸው የታየው 12 ሰዎች ነበሩ፤ የ12ቱም ዕጢ ጠፋ። ቀዶ ሕክምና የለ፣ ጨረር የለ፣ ኬሞ የለ። በእርግጥም የሚገርም ነው።

ፖስቷ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ትዘላለች። የእነዚህ ሰዎች ዕጢ በሙሉ አንድ ዓይነት ጉድለት ነበረበት፤ ሴል ሲባዛ በዲኤንኤ ላይ የሚፈጠረውን ስህተት የሚያርመው ሥርዓት ተበላሽቷል። ከ100 የሬክተም ካንሰር ታማሚዎች ይህ ጉድለት የሚገኝባቸው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። ለእነሱ መድኃኒቱ እውነትም ተአምር ይመስላል፤ በ2025 እዚያው መጽሔት ላይ በወጣው ተከታይ ሪፖርት ሕክምናውን የጨረሱት 49 የሬክተም ካንሰር ታካሚዎች በሙሉ ዕጢው ጠፍቶላቸዋል። ለቀሪዎቹ ከ90 በላይ ለሚሆኑት ግን ይህ ጥናት ምንም አይልም። ስለ ጡት ካንሰር፣ ስለ ማህፀን በር ካንሰርማ ጭራሽ አልተነሳም።

ለምን እነሱን ብቻ? ይህን ለመረዳት የዘርፉን ዋና ሐሳብ ማወቅ ይጠይቃል።

ፍሬኑን ማላቀቅ

ሰውነታችን ውስጥ ቲ-ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። ባዕድ የሆነ፣ የተበላሸ ነገር ካገኙ ያጠቃሉ። ግን ዝም ብለው እንዳሻቸው ቢያጠቁ ራሳችንን ይበሉናል፤ ስለዚህ ፍሬን ተሠርቶላቸዋል። ካንሰር ተንኮለኛ ነው፤ ይህን ፍሬን ረግጦ ይይዛል። ቲ-ሴሉ ዕጢው አጠገብ ቆሞ ያየዋል፣ ግን አይነካውም። ኢሚውኖቴራፒ የሚባለው ሕክምና (በተለይ «ቼክፖይንት ኢንሂቢተር» የሚባለው ክፍሉ) ካንሰሩን በቀጥታ አይገድልም፤ ፍሬኑን ያላቅቃል፣ የቀረውን ቲ-ሴሉ ይሠራዋል። የዲኤንኤ ስህተት የበዛበት ዕጢ ደግሞ መልኩ በጣም ስለሚቀየር ፍሬኑ የተለቀቀለት ቲ-ሴል በቀላሉ ይለየዋል። የ12ቱ ሰዎች ምስጢር ይህ ነው።

ሐሳቡ ያረጀ ነው። በ1891 ኒውዮርክ ውስጥ ዊልያም ኮሊ የተባለ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆን ብሎ ባክቴሪያ ለካንሰር ታማሚ ወግቷል፤ ከባድ ኢንፌክሽን ይዞት ከተረፈ በኋላ ዕጢው የጠፋለት ሰው ታሪክ አግኝቶ ነበር። አንዳንዶቹ ታካሚዎቹ ተሻላቸው፣ አንዳንዶቹ ሞቱ። ለምን እንደሚሠራ የሚያስረዳ ስላልነበረ ጨረርና ኬሞ ሲመጡ ተረሳ።

በ1992 ጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታሱኩ ሆንጆ እና ባልደረቦቹ ፒዲ-1 የሚባለውን ፕሮቲን አገኙ፤ ፍሬን መሆኑ የታወቀው ግን ቆይቶ ነው። በ1996 ደግሞ አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ሲቲኤልኤ-4 የተባለውን ሌላኛውን ፍሬን አይጦች ላይ ሲዘጋ ዕጢያቸው መጥፋቱን አሳተመ። ከአይጥ እስከ ፋርማሲ 15 ዓመት ፈጀ፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ኢፒሊሙማብ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2011 ነው። ሁለቱ ሰዎች በ2018 ኖቤል ወሰዱ።

ጂሚ ካርተርን ታስታውሳላችሁ? በእኛ አገር የጊኒ ዎርምንና የትራኮማን ነገር ሲነሳ ስማቸው አብሮ የሚነሳው የቀድሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት። በኦገስት 2015 የቆዳ ካንሰር ወደ አንጎላቸው መዛመቱን ተናገሩ፤ 90 ዓመታቸው ነበር። ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ፔምብሮሊዙማብ የተባለውን የፒዲ-1 መድኃኒት አገኙ። በዲሴምበር ካንሰሩ አይታይም ተባሉ። ያረፉት በ2024 መጨረሻ፣ በ100 ዓመታቸው ነው።

ይህ ሲባል ግን ብዙዎች መድኃኒቱን ወስደው ምንም ለውጥ አያዩም። ፍሬን ሲላቀቅ ደግሞ አንጀትን፣ ሳንባን፣ ጉበትን፣ የታይሮይድ ዕጢን ራሱ ሰውነት ሊያጠቃ ይችላል። ክትትል በሌለበት የሚወሰድ ነገር አይደለም።

ሁሉም ወደ አንድ ሰፈር ሲሮጥ

ዘርፉ ምን ያህል እንደተገለበጠ የምታሳይ አንዲት ጥሩ ምሳሌ አለች። በ2000 ሃናሃን እና ዋይንበርግ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ካንሰርን ካንሰር የሚያደርጉት ስድስት ባሕርያት ብለው «ሴል» በተባለው መጽሔት ጻፉ፤ በዓለም ላይ እጅግ ከተጠቀሱ የካንሰር ጽሑፎች አንዱ ነው። ከስድስቱ ውስጥ ከበሽታ መከላከያ ሥርዓት ማምለጥ የሚል የለም። በ2011 ሲያሻሽሉት ገባ። በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ኢሚውኖቴራፒን የዓመቱ ታላቅ ግኝት አለው።

ከዚያ በኋላ ግርግር ሆነ ብንል አላጋነንም። ገንዘቡ መጣ፤ ፔምብሮሊዙማብ (የንግድ ስሙ ኪትሩዳ) በ2024 ብቻ ከ29 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ገንዘብ ባለበት ሙከራ ይበዛል፤ በ2018 በፒዲ-1 ዙሪያ ብቻ ከ2 ሺህ በላይ ክሊኒካል ሙከራዎች በሂደት ላይ ነበሩ። ሙከራ ሲበዛ ጽሑፍ ይበዛል፣ ጽሑፍ ሲበዛ ለዘርፉ ብቻ የተቋቋሙ አዳዲስ ጆርናሎች ይወለዳሉ። አሜሪካና ቻይና በብዛት ይመራሉ፤ አፍሪካ በቁጥሩ ውስጥ አትታይም ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው አንድ ሰፈር ሲሮጥ መሰናከልም አለ። ኤፓካዶስታት የሚባል መድኃኒት ከፔምብሮሊዙማብ ጋር ሲሰጥ በመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ሙከራዎች ተስፋ ሰጪ ነበር፤ ብዙ ኩባንያዎችም ተመሳሳዩን ይዘው ተነሱ። በ2018 ከ700 በላይ የቆዳ ካንሰር ታካሚዎች የተሳተፉበት ትልቁ ሙከራ ሲጠናቀቅ ተጨማሪ ጥቅም የለውም ተባለ። የመጀመሪያውን ዜና ሼር ያደረገው ሰው ሁለተኛውን አላየውም።

«ኢምፓክት ፋክተሩ ስንት ነው?»

ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። ኢምፓክት ፋክተር ማለት ቀላል ሒሳብ ነው፦ አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት በሌሎች ስንት ጊዜ ተጠቀሱ፣ ሲካፈል ለጽሑፎቹ ብዛት። 100 ጽሑፍ አውጥቶ 500 ጊዜ ከተጠቀሰ 5 ነው ማለት ነው። ሐሳቡን በ1955 ያነሳው ዩጂን ጋርፊልድ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት የትኛውን ጆርናል ይግዙ ለሚለው ይረዳ ነበር። አሁን ግን የሰው ደረጃ ዕድገት፣ የምርምር ገንዘብ፣ አንዳንድ አገር ጉርሻ ሳይቀር በእሱ ይወሰናል።

ችግሩ አማካይ መሆኑ ነው። «ኔቸር» ራሱ በ2005 እንደጻፈው፣ የዚያን ጊዜ ኢምፓክት ፋክተሩን 89 በመቶ ያመጡለት ከጽሑፎቹ 25 በመቶ የሚሆኑት ናቸው። ሌሎቹ በጎረቤታቸው ስም ይኖራሉ። ከሁሉም ጆርናሎች አናት ላይ የሚቀመጠው ደግሞ የአሜሪካ ካንሰር ሶሳይቲ የሚያሳትመው «ሲኤ» ነው፤ ቁጥሩ ከ200 በላይ የሆነባቸው ዓመታት አሉ። መድኃኒት ስላገኘ መሰላችሁ? አይደለም። የካንሰር ስታቲስቲክስ ስለሚያወጣ ነው፤ ስለ ካንሰር የሚጽፍ ሁሉ የመጀመሪያ አንቀጹ ላይ ይጠቅሰዋል።

በተቃራኒው ደግሞ የሆንጆ የ1992 ጽሑፍ የወጣው «ኢምቦ ጆርናል» ላይ ነው። የ2025ን የሕክምና ኖቤል ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች አንዱ የሆነው ሺሞን ሳካጉቺ የሥራውን መሠረት የጣለው በ1995 «ጆርናል ኦፍ ኢሚውኖሎጂ» ላይ ነው። የተከበሩ ጆርናሎች ናቸው፤ ግን ዛሬ «ስንት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ኮሚቴ ቁጥራቸው አያስደምምም። በ2013 ይፋ የሆነው የሳን ፍራንሲስኮ ስምምነት (ዶራ ይሉታል) ተመራማሪን በጆርናሉ ቁጥር አትመዝኑ የሚለው ለዚህ ነው። ብዙ ተቋም ፈርሟል፤ ምን ያህሉ ይተገብረዋል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ትልቅ ጆርናል ላይ መውጣትም ዋስትና አይደለም። ከ2010 እስከ 2012 በታወቁ ጆርናሎች ከወጡ 53 የካንሰር ጥናቶች 193 ሙከራዎችን መርጦ እንደገና ለመሥራት የተነሳ ቡድን ነበር። በ2021 ሪፖርት ሲያደርግ መድገም የቻለው ከ23 ጥናቶች 50 ሙከራዎችን ብቻ ነበር፤ በብዙዎቹ አሠራሩ በቂ ሆኖ አልተጻፈም፣ ዳታም ለማግኘት አስቸገረ። በተደገሙት ላይ የታየው ውጤት መጀመሪያ ከተባለው በመካከለኛ ስሌት 85 በመቶ ያነሰ ነበር። አንብባችሁ ደጋግማችሁ ብታስቡበት አይበዛም፤ እኛም መጀመሪያ ስናየው ቁጥሩ የተሳሳተ መስሎን ነበር። በ2023 ደግሞ በሁሉም ዘርፍ ከ10 ሺህ በላይ ጽሑፎች ከታተሙ በኋላ ተሰርዘዋል።

የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ በ5 ቀን እናሳትምልዎታለን» የሚል ኢሜይል ደርሷችሁ ከሆነ፣ ያው ነጋዴ ነው። ገንዘባችሁን ይወስዳል፣ የሚገመግም ሰው የለም። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች በሪሰርች ፎር ላይፍ (ሂናሪ) በኩል ብዙ ጆርናሎችን በነፃ ማንበብ ይችላሉ፤ ብዙ አሳታሚዎችም ከእኛ ዓይነት አገር ለሚመጣ ጽሑፍ ክፍያውን ይተዋሉ። የዩኒቨርሲቲያችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ።

ብዙ ያልተወራለት ጥናት

የእኛ ምርጫ ቢሆን ቫይራል መሆን የነበረበት ሌላ ጥናት ነው። ሕንድ ሙምባይ የሚገኘው የታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል ሐኪሞች ታካሚዎቻቸው ኒቮሉማብ የተባለውን የፒዲ-1 መድኃኒት መግዛት እንደማይችሉ ያውቃሉ። የተለመደው መጠን በየሁለት ሳምንቱ 240 ሚሊግራም ነው። እነሱ በየሦስት ሳምንቱ 20 ሚሊግራም ብቻ ሰጥተው ሞከሩ። የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ያለባቸውን 151 ሰዎች በሁለት ከፈሉ፤ አንዱ ቡድን በርካሽ የሚገኘውን ሕክምና ብቻ፣ ሌላው ይህችን ትንሽ መጠን ጨምሮ ወሰደ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከመጀመሪያው ቡድን 16 በመቶ፣ ከሁለተኛው 43 በመቶ ናቸው። ጥናቱ «ጆርናል ኦፍ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ» ላይ ወጥቷል። አንድ ጥናት ነው፣ የአንድ ሆስፒታል ነው፣ ከሙሉ መጠን ጋርም አልተወዳደረም። ግን የጠየቀው ጥያቄ የእኛ ጥያቄ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የኪትሩዳ የዓመት ዋጋ ከ150 ሺህ ዶላር በላይ ነውና።

በሽታ የመከላከል አቅምን ተጠቅሞ ካንሰርን የሚያቆም፣ እኛም አገር ያለ ነገር ደግሞ አለ፦ የኤችፒቪ ክትባት። ኢትዮጵያ በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ስዊድን ውስጥ በተሠራ ትልቅ ጥናት 17 ዓመት ሳይሞላቸው በተከተቡት ላይ የማህፀን በር ካንሰር በ88 በመቶ ቀንሷል። «የካንሰር ክትባት መቼ ነው የሚመጣው?» ለምትሉን፣ አንዱ መጥቷል፤ ታናሽ እህት ካለቻችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁላት።

ቀጣዩ ፖስት ሲደርሳችሁስ? የጥናቱን ስም ፐብሜድ ላይ ፈልጉት፤ ማጠቃለያውን ማንበብ በነፃ ነው። አይጥ ላይ ነው ሰው ላይ? ስንት ሰው? የትኛው የካንሰር ዓይነት? የሚነጻጸር ቡድን ነበረ? ደግሞ «ሪትራክት» የሚል ቃል ርዕሱ ላይ ካያችሁ ተሰርዟል ማለት ነው።

ቤታችሁ የአንጀት ወይም የሬክተም ካንሰር ታማሚ ካለ ደግሞ ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የዕጢው ናሙና ኤምኤምአር ተመርምሯል ወይ?» ጉድለቱ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በዚህ ምርመራ ነው። የፓቶሎጂ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። መልሱ እስኪመጣ የተጀመረው ሕክምና አይቋረጥ።