ሸክላ ማንን አስቀረ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። እውነታቸውን ነው። ግን ድምፅስ? የቅዱስ ያሬድን ዜማ በምልክት ጽፈው ያቆዩልን ሊቃውንት እንኳ የአንዱን መሪጌታ ጉሮሮ ሊያቆዩልን አልቻሉም፤ መሣሪያው አልነበራቸውማ! ለመሆኑ መሣሪያው ከመጣ ወዲህስ የማን ድምፅ ተወረሰ? የማንስ ተረሳ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ኤዲሰን ፎኖግራፉን በ1877 ሠራ። የኤዲሰን ፎኖግራፍ ድምፅ የሚቀርጸው በሚሽከረከር ጥቅል ላይ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ በርሊነር የተባለ ሰው ጥቅሉን ትቶ በጠፍጣፋ ክብ ሰሌዳ ላይ መቅረጽ ጀመረ። እኛም ያንን ሰሌዳ «ሸክላ» አልነው። ስሙን ያወጣለት ሰው አፉ ይባረክ! የድሮው ሰሌዳ ከአንዲት ትንሽ ነፍሳት በሚገኝ ሙጫ የሚሠራ ነበርና ከእጅ ካመለጠ እንደ ጀበና እንክት ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ እየዞረ በአንድ ፊቱ 3 ወይም 4 ደቂቃ ያህል ያጫውታል። ከዚያ በላይ መዝፈን ያማረው ሌላ ሸክላ ይፈልግ!

አገራችን ከዚህ ጥበብ ጋር የተዋወቀችው በጊዜ ነው። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ላኩ። መልእክቱ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አዘው ስለ ነበር ጠፋ። ምኒልክና ጣይቱ በምላሹ የላኩት ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል። ከዚያ በ1908 ገደማ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሳሉ 17 ያህል ሸክላ አስቀረጹ። በሸክላ ያዜሙ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሚባሉት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ አጀማመራችን መልካም ነበር። ኋላ ያስቀረን ጀማሪ ማጣት አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ 1948 እንለፍ። በዚያ ዓመት በሰኔ ወር ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሎንግ ፕሌይ የሚባለውን ሸክላ ኒው ዮርክ ላይ ለጋዜጠኞች አሳየ። ይኸኛው ከቪኒል የተሠራ ነው፤ በቀላሉ አይሰበርም። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ብቻ ይዞራል፤ መርፌው የሚሄድበት ቦይም እጅግ ቀጭን ነው። ቀስ ብሎ መዞሩና የቦዩ መቅጠን ተደምረው በአንድ ፊት ከ20 ደቂቃ በላይ አስገኙ። ቀድሞ በሸክላ ቁልል ይሸከሙት የነበረ ረጅም ሙዚቃ በአንድ ሰሌዳ ገባ። በዓመቱ፣ በ1949፣ ተፎካካሪው አርሲኤ ቪክተር ትንሹን ባለ 45 ዙር ሸክላ አወጣ። ለአንድ ፊት አንድ ዘፈን፣ ዋጋውም ለወጣት ኪስ የሚሆን።

በዚያው በ1948 እኛ ዘንድስ ምን ሆነ? የሚገርመው ነገር እዚህ ላይ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለብቻው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጠ። አሜሪካ ውስጥ የሸክላው ዕድሜ ሲረዝም፣ እዚህ በሩ ጠበበ። ሀገር ፍቅር ለቴያትራችንና ለባህል ሙዚቃችን የዋለውን ውለታ ማንም አይክድም። ይሁንና መብቱን ይዞ ሳለ በየክለቡና በየኦርኬስትራው የሚፈላውን ዘመናዊ ሙዚቃ አላሳተመውም። የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱና የጦር ሠራዊቱ ባንዶች ዓመት ከዓመት ይጫወታሉ፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል፤ ሌሊቱ ሲነጋ ግን በእጅ የሚያዝ ነገር የለም።

ይህን ቁልፍ የሰበረው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ነው፤ አምሃ እሸቴ። በ1969 «አምሃ ሬከርድስ»ን አቋቁሞ ዓለማየሁ እሸቴን አስቀረጸ። ትእዛዙ አልተሻረም፤ መታሰርም ሊመጣ እንደሚችል ያውቃል። ቢሆንም ቀረጸ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ የተቀረጸው ተጭኖ መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ ኋላም ወደ ሊባኖስ እየተላከ ይታተም ነበር። አምሃ እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ 45 ሸክላዎችና ከ10 በላይ ረጃጅም ሸክላዎች አወጣ። እሱ በሩን ከከፈተ በኋላ ፊሊፕስ ኢትዮጵያና የአሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ተከተሉት።

እዚህ ላይ የቁጥሩን ነገር ልብ እንበል። ከ1969 እስከ 1978 በአገራችን የወጡት ትንንሾቹ ሸክላዎች ወደ 500 ሲሆኑ ረጃጅሞቹ ወደ 30 ብቻ ናቸው። የኛ የሸክላ ዘመን የትንሹ ሸክላ ዘመን ነበር ማለት ነው። ለዚህም ነው ብዙው ዘፈን ቶሎ ጀምሮ ቶሎ የሚያልቀው። አልበቃ ሲልም ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ በጀርባው ይገባ ነበር፤ ሰሚው ተነሥቶ ሸክላውን ካልገለበጠ ቀሪውን አይሰማም። ረጅሙን ሸክላ ቀድመው ያገኙት ውጭ አገር የደረሱት ናቸው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ሁለት አልበም አወጣ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖም በ1960ዎቹ ጀርመን አገር ታተመ። በአገር ቤት ደግሞ የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በ1975፣ የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ጨ በለው» በ1977 በካይፋ ወጡ።

ከዚያ ነገሩ ቆመ። ከ1974 በኋላ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጨዋታ ዘጋው፤ አምሃም በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። በላዩ ላይ ካሴት መጣ። ካሴት ርካሽ ነው፣ ማንም ይቀዳዋል፣ ውጭ አገር ልኮ ማሳተም የለም። ሸክላው ከቡፌ ላይ ወርዶ አልጋ ሥር ገባ። ዓለም እንደገና የሰማን በሌሎች እጅ ነው፦ በ1986 የቤልጅጉ ክራምድ ዲስክስ የማሕሙድን አልበም አሳተመ፤ ከ1997 ጀምሮም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ያንን ዘመን በሲዲ አወጣው።

«ማስቀረት» የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው፣ ልክ እንደ ሸክላው። አንዱ ለትውልድ ማቆየት ነው፤ ሌላው ከጉዞ መተው። ሸክላም ሁለቱንም አድርጓል። ማሕሙድ አሕመድን እንይ። የጉራጌ ልጅ ነው፤ መርካቶ ተወልዶ፣ ሊስትሮ ሠርቶ፣ አሪዞና ክለብ ሲላላክ መድረክ አገኘ፤ ክብር ዘበኛም ገባ። ጉራጊኛም አዜመ፤ ድምፁም ቀረ። ቆሼ የተቀመጠውስ አዜመኛ? ከቡታጅራ ወዲያ ያለችውን የማረቆ ከተማ ቆሼን አገር የሚያውቃት በበርበሬዋ ነው። የቆሼ በርበሬ በኩንታል ተጭኖ መርካቶ ይገባል፤ የሠርጓና የለቅሶዋ ዜማ ግን ማን ጭኖ ያስገባው? ሸክላ ላይ ለመድረስ አዲስ አበባ መኖር፣ ባንድ ውስጥ መግባት፣ ገንዘብ ያለው ደፋር ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ከነዚያ 500 ሸክላዎች አብዛኞቹ በአማርኛ የሆኑት ማረቆኛ ዜማ አጥቶ አይደለም እኮ! መንገዱ እዚያ ድረስ ስላልሄደ ነው።

ዛሬ ትእዛዝም የለም፣ ሸክላ ለማሳተም ቤይሩት መላክም የለም። መቅረጫው በየኪሳችን ነው። ስለዚህ ለክረምት ወደ ቤት የምንሄድ ሁሉ ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ አልጋ ሥር ያለውን ሸክላ እናውጣ፤ ከፀሐይና ከእሳት እናርቀው፣ እንደ መጽሐፍ እናቁመው እንጂ አንከምረው፣ በደነዘዘ መርፌም አናስፍቀው። ሁለተኛ፣ ሸክላ ያልደረሰላቸውን አያቶቻችንን ቁጭ ብለን እናስዚማቸውና እንቅረጽ፤ የዘፋኙን ስም፣ ቀኑንና ቀበሌውንም እንጻፍበት። ሸክላ ያስቀራቸውን እኛም ካስቀረናቸው፣ ከእንግዲህ የሚሳበብበት ትእዛዝ የለም።