ርስት ያልነበረው ሰውና የጣሳ አትክልት

«መሬት የለኝም፤ ምን ላይ ልትከል?» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? ይህ ጥያቄ በደባርቅ፣ በዳባትና በአዲ አርቃይ ለሚኖር ሙስሊም ቤተሰብ የዛሬ ብቻ ጥያቄ አይደለም። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ነው። ስለዚህ መልሱንም ከታሪክ ብንፈልግ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። በቀሃ ወንዝ በኩል ያለው፣ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው የሙስሊሞች ሰፈር ታሪክ ከዚህ ውሳኔ ጋር የተሳሰረ ነው። ከሰፈሩ መለየት ይልቅ የከበደው ግን የመሬቱ ነገር ነበር። በሰሜኑ ክፍል ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አይሰጠውም፤ አርሶ ቢያድርም በሰው መሬት ላይ ነበር። በመሆኑም ወደ ሽመናና ወደ ንግድ አዘነበለ። ከጎንደር ተነስቶ በወገራና በደባርቅ አድርጎ፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ምጽዋ የሚዘልቀው የሲራራ መንገድ የጀበርቲ ነጋዴዎች እንጀራ ነበር።

በእ.ኢ.አ. የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን አጥር አፈረሰው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የወጣው የከተማ ቦታ አዋጅ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚሆን እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲሰጥ ፈቀደ። አዋጅ ሕግን ይለውጣል፤ ልማድን ግን በአንድ ቀን አይለውጥም። ለብዙ ትውልድ «መሬት ያንተ አይደለም» የተባለ ሰው ከጊዜ በኋላ «መትከልም የእኔ ሥራ አይደለም» ወደ ማለት ሊደርስ ይችላል። ለሙስሊም ቤተሰብ ያሰጋኛል የምለው ይህ ነው። ርስቱን ሌላ ሰው ከልክሎን ነበር፤ እጃችንን ከአፈር ካራቅነው ግን የከለከልነው እኛው ራሳችን ነን።

እስቲ ደግሞ ወደ ግብፅ እንሻገር። ፋርሳዊው ተጓዥ ናሲር ኹስረው በ439 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1047) ካይሮ ገባ። ያየውንና የሰማውን «ሰፈርናማ» በተባለው የጉዞ መጽሐፉ መዝግቧል። በዚያች ከተማ ዛፍ በሰፋፊ ዕቃ ውስጥ ተክለው በቤት ጣሪያ ላይ የሚያሳድጉ ሰዎች እንደነበሩና ብዙው ጣሪያ የአትክልት ቦታ ይመስል እንደነበር ይነግረናል። ብርቱካን፣ ሮማን፣ ጽጌረዳና መልካም ሽታ ያላቸው ተክሎች ይሸጡ ነበር። ገዢ ሲመጣ ተሸካሚዎች ዛፉን ከነዕቃው በወሳንሳ ተሸክመው እስከ ቤቱ ያደርሱለታል። በፉስጣጥም አንድ ሰው በሰባት ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ የአትክልት ቦታ እንዳበጀ ከታማኝ ሰው መስማቱን ጽፏል። ሰውየው ጥጃ ወደ ላይ አውጥቶ አሳደገ፤ ጥጃው በሬ ሲሆን ውሃ መሳቢያውን እያዞረ ተክሉን ያጠጣ ጀመር ይላል።

አስተውሉ! እነዚያ ሰዎች ቦታ ጠበበን ብለው አልተቀመጡም። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም በአንደሉስ የሴቪሊያው ኢብኑል ዐዋም ስለ እርሻ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ አፈርን፣ ፍግንና ውሃን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ በምዕራፍ አስተምሯል። ከአባቶቻችን ዕውቀት አንዱ ይህ ነበር።

የእኛ ሰው ከዚህ ምን ይውሰድ? በረንዳ፣ ደጃፍ ወይም የመስኮት ሥር ይበቃል። የዘይት ቆርቆሮ፣ የወተት ጣሳ፣ በጎኑ የተቀደደ ጀሪካን፣ አፉ የተሰበረ እንስራ፣ አሮጌ ጆንያ ሁሉ ማሳ ይሆናል። መርዝ ወይም ቀለም የነበረበትን ዕቃ ግን አትጠቀሙ። ታቹን በምስማር ብሱት፤ ውሃው መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳል። ሁለት እጅ አፈር ላይ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ፤ ትኩስ ፍግ ተክሉን ያቃጥለዋል። ደጋ በሆነው በደባርቅ ቆስጣ፣ ሰላጣና ነጭ ሽንኩርት ይስማማል፤ ሞቃት በሆነው በአዲ አርቃይ ቃሪያ፣ ቲማቲምና በሶብላ ደስ ይለዋል። ጤና አዳም በሁለቱም አይጠፋም። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ጣሳውን አንስቶ ቤት ማስገባት ይቻላል፤ ይህን ባለ ማሳው ገበሬ እንኳ አያገኘውም። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የምትተክሉ ደግሞ እርጥብ አፈር ከባድ መሆኑን አትርሱ፤ ትልልቁን ዕቃ ከግድግዳው አስጠጉት።

«ውሃስ ከየት?» ትሉኝ ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እፍኝ የሚለካ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተላልፏል። ቤተሰቡ በቀን አምስት ጊዜ የሚያደርገውን ውዱእ በሳፋ ላይ ቢያደርግ ውሃው ለጥቂት ጣሳዎች ይበቃል። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰውም ወፍም እንስሳም ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንለት የተነገረው ሐዲስም ለባለ ሰፊ እርሻ ብቻ የተነገረ አይደለም።

በእ.ኢ.አ. በ2013 ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ቤቱንና ማሳውን ትቶ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ተሰደደ። ርስት የነበረውም ያልነበረውም በአንድ ክረምት እኩል ባዶ እጁን ሆነ። በእንዲህ ያለ ቀን የሰው ሀብት የሚሆነው አብሮት የሚሄደው ዕውቀት ነው። በጣሳ መትከል የሚችል ልጅ የሰው ቤት ተከራይቶም ቢሆን፣ ድንኳን ደጃፍ ላይም ቢሆን ለእናቱ ወጥ ቅመም አያጣም።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ! ልጆቻችሁን ፊደልና ቁርኣን እንደምታስቀሩ ሁሉ፣ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ጣሳ ስጧቸው። ዘሩን ራሳቸው ይዝሩት፤ ውሃውንም ራሳቸው ያጠጡት። አላህ (ሱ.ወ.) ያብቅለው።