ቀረፋና ቅርፊት፦ በወገራ መንገድ ያለፉ መድኃኒቶች

ዛሬ ቤታችን ካለው የቀረፋ ሻይ እንነሳ። «ቀረፋ» ከዐረብኛው «ቂርፋ» የመጣ ስም ነው፤ ትርጉሙም ቅርፊት ማለት ነው። የእኛው «ቅርፊት»ም የዚያው ሥር ዘመድ ነው። ስለዚህ ቀረፋ ስናፈላ የዛፍ ቅርፊት እያፈላን ነው።

የህንድ ቅመም ድሮ በባሕር ምጽዋ ደርሶ፣ በዐድዋ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ልማሊሞን ወጥቶ፣ በደባርቅና በዳባት፣ ዛሬ አምባ ጊዮርጊስ ባለችበት የወገራ ሜዳ በኩል ጎንደር ይገባ ነበር። ይህን የሩቅ ንግድ በብዛት የያዙት ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። በ1668 (እ.ኤ.አ.) በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተቀመጠ ጉባኤ የጎንደር ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ቢወስንም፣ ከተማዋ ያለ እነሱ ገበያዋ አይሞላም ነበር።

በዚህ መንገድ ዕውቀትም ተጉዟል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) በልማሊሞ በኩል ጎንደር ገባ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉም የኮሶን ዛፍ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። በ1822 ደግሞ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ኮሶ የኮሶ ትልን እንደሚያስወጣ ጻፈ፤ እሱ ያወቀው ግን ከሐበሻ ምድር ሳይሆን ኢስታንቡል ሆኖ ነው።

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ መድኃኒቱም አበባው ነው። ለዚያው ትል የቆላ ሰዎች የሚጠቀሙበት ደግሞ ምሰና የሚባል ዛፍ ቅርፊት ነው፤ ተደቁሶ ከማር ጋር ይወሰዳል። ይህም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ደረሰ።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ቅርፊቱ ሲጓዝ አዋቂው አብሮት አልተጓዘም። የአውሮፓ ጸሐፊዎች ስሙን አንዴ «ምሰና»፣ አንዴ «ብሰና» እያሉ ጻፉት። እኛ ዘንድ ግን «ብሳና» ፈጽሞ ሌላ ዛፍ ነው! ኮሶም ልኩን ሲያልፍ ዓይን አሳውሯል፤ ሰውም ገድሏል። አዋቂዎቹ እናቶች ስሙን ብቻ ሳይሆን ልኩን፣ ሰዓቱን፣ ማን መጠጣት እንደሌለበትም ያውቁ ነበር።

ዛሬም ከገበያ ስሙ ብቻ የተነገረንን ቅርፊት ገዝተን እናፈላለን። ዛፉም ይጎዳል፤ ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ምግብ ይቋረጥና ይደርቃል።

ስለዚህ አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፦ የቱ ዛፍ? ስንት? ለማን አይሆንም? መልሳቸውንም እንጻፈው። የታመመ ሰው ካለ ግን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ለኮሶ ትል ዛሬ በልኩ የተሠራ ኪኒን አለ። ቤት የጠጣውን ቅርፊትም ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገረው። አባቶቻችን ሸክማቸውን ከነልኩ እንዳደረሱ፣ እኛም ዕውቀቱን ከነልኩ እናድርስ።