«ጠረጴዛው»፦ የዡዋን ሚሮ ቀደምት ሥዕል

ስፔናዊው ዡዋን ሚሮ (1893–1983 እ.ኤ.አ.) ከሸክላ ሥራ ባለሙያው ከዡሴፕ ሎሬንስ አርቲጋስ ጋር ባበረከታቸው የሴራሚክ ሥራዎች ይታወቃል። በፓሪስ የዩኔስኮ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኙት፣ በ1958 የተጠናቀቁት «የፀሐይ ግድግዳ» እና «የጨረቃ ግድግዳ» ለዚህ ምስክር ናቸው።

«ጠረጴዛው» ወይም «ስቲል ላይፍ ከጥንቸል ጋር» የተሰኘው የቀለም ቅብ ግን ከእነዚህ ሥራዎች እጅግ ይቀድማል። ሚሮ የሣለው በ1920 ፓሪስን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎበኘ በኋላ ነው። ጠረጴዛው በኩቢዝም ስልት በማዕዘናዊ ቅርጾች ተከፋፍሏል፤ በላዩ ያሉት ጥንቸል፣ አውራ ዶሮ፣ ዓሣና አትክልት ግን በጥንቃቄ፣ አንድ በአንድ ተሥለዋል። የዚህ ዘርፍ የፈረንሳይኛ መጠሪያ «የሞተ ተፈጥሮ» ማለት ነው፤ ጥንቸሉና ዶሮው ግን በሕይወት እንዳሉ ይታያሉ።

ለሠዓሊው የገጠር ሕይወት እንግዳ አልነበረም። በወጣትነቱ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሮ ሳለ በ1911 በጠና ታመመ፤ ያገገመውም ወላጆቹ በካታሎንያ፣ ሞንትሮች በተባለ ቦታ በነበራቸው እርሻ ነው። ከሕመሙም በኋላ ሥራውን ትቶ ፊቱን ወደ ሥዕል አዞረ።

ቀጥሎ በባርሴሎና የገባበት ትምህርት ቤት መምህር ፍራንሴስክ ጋሊ፣ ዓይኑን ሸፍኖ ዕቃዎችን በእጁ እንዲዳስስና የዳሰሰውን እንዲሥል ያለማምዱት ነበር። አርቲጋስንም ያወቀው በዚያው ዘመን ነው። ሁለቱ በ1940ዎቹ አብረው ሸክላ መሥራት ሲጀምሩ፣ የሚሮ እጅ ቅርጽን በመዳሰስ መለየት ከተማረ ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ አልፈው ነበር።