መፍራትና መታመን፤ በኅዳር 26 ቀን በደሴ የሆነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ኅዳር 26 ቀን የአባታችን የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ የዕረፍታቸው መታሰቢያ ነው። እኒህ አባት በ13ኛው መቶ ዘመን ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀምጠው እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩ ናቸው፤ ለገዳሙ የሰጡትም አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ተጠብቆ ቆይቷል። እኛም በልጅነታችን ቃለ እግዚአብሔር የተማርነው የእርሳቸውን ስም በሚጠሩ መምህራን እግር ሥር ስለ ሆነ፣ ይህ ቀን ሲደርስ ልባችን ወደ ሐይቅ ይሄዳል። ነገር ግን በዚሁ ቀን በደሴ ላይ የወረደ መከራ አለና፣ በዛሬው ስብከታችን እርሱን ልናስታውሳችሁ እንወዳለን።

ዘመኑ 1928 ዓ.ም. ነው። የኢጣልያ ሠራዊት መረብን ተሻግሮ አገራችንን ከወረረ ሁለት ወር አልፎታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ወደ ሰሜኑ ጦር ግንባር ለመቅረብ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ደሴ ከገቡ ገና ጥቂት ቀናቸው ነበር። ዕለቱ ዐርብ፣ ጊዜውም ጾመ ነቢያት ነው። በማለዳው የጠላት አይሮፕላኖች በጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ከተማ ላይ ደርሰው ቦምብ ያዘንቡ ጀመር። የደሴ ቤት በዚያን ጊዜ አብዛኛው የሣር ክዳን ስለ ነበረ፣ የሚያቃጥለው ቦምብ በወደቀበት ሁሉ ጎጆው እንደ ችቦ ነደደ። አሜሪካውያን ሚስዮናውያን የሚያስተዳድሩት ሆስፒታል የቀይ መስቀል ምልክት እያለበት ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ወጣ። በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ሕዝቡ ሬሳውን ገና ቀብሮ ሳይጨርስ አይሮፕላኖቹ ተመልሰው መጡ። አቤቱታውም ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ደረሰ፤ ማኅበሩ ምን እንዳደረገ ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ሰው፣ በተለይም ወጣት፣ ይህን ሲሰማ ይጠይቃል፦ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ አምላክ በበዓላቸው ቀን ወዴት ነበር? ይህን ጥያቄ የሚጠይቀውን ሰው በቁጣ ዝም ማሰኘት አይገባም። በዚያ ቀን በደሴ ሲጸልዩ የሞቱ አሉ፤ ሳይጸልዩ የተረፉም አሉ። መከራውም በሁለት ቀን አላበቃም። መጋቢት 22 ቀን ሠራዊታችን በማይጨው ተሸነፈ፤ ሚያዝያ 7 ቀን ጠላት ደሴ ገባ፤ አምስት ዓመትም ተቀመጠባት። በ1933 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በላይ ባለው መተላለፊያ ብርቱ ውጊያ ከተደረገ በኋላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን የደቡብ አፍሪቃ ጦርና አርበኞቻችን ደሴን እስኪይዙ ድረስ ሕዝቡ በባዕድ እጅ ነበር። ስለዚህ የሚያምን ሰው ቦምብ አያገኘውም ብሎ የሚሰብክ ካለ፣ እርሱ የደሴን ታሪክ አላነበበም፤ የሰማዕታትንም ገድል አላነበበም።

ታዲያ መታመን ማለት ምንድር ነው? እኛ መልሱን በአንድ የአገራችን ሰው ታሪክ እናገኘዋለን።

ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከበው ሳሉ፣ ነቢዩ ኤርምያስ የከተማይቱን መውደቅ ስለ ተናገረ አለቆቹ ወደ ጉድጓድ ጣሉት፤ በጭቃውም ውስጥ ሰጠመ። በንጉሡ በሴዴቅያስ ቤት አቤሜሌክ የሚባል ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነበረ። ይህ ሰው ወደ ንጉሡ ገብቶ ስለ ነቢዩ ተናገረ፤ ከተፈቀደለትም በኋላ ገመድ ብቻ ይዞ አልሄደም። ከቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት እላቂ ጨርቅ ፈልጎ፣ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቈርጠው ጨርቁን ከብብትህ በታች አድርግ ብሎ አወረደለት። እንዲህ ባለ ጭንቅ ቀን ስለ ሌላው ሰው ብብት ማሰብ እንደምን ያለ ነገር ነው! በኋላም እግዚአብሔር በነቢዩ አፍ መልእክት ሲልክለት፣ ከምትፈራቸው ሰዎች እጅ አድንሃለሁ አለው፤ ምክንያቱንም ሲነግረው በእኔ ታምነሃልና አለው። ልብ አድርጉ፤ አቤሜሌክ ይፈራ ነበር። እግዚአብሔርም መፍራቱን ያውቃል፤ ፍርሃቱንም አልነቀፈበትም። መጽሐፍ የፈራውንና የታመነውን ሁለት ሰው አላደረገውም፤ አንዱ አቤሜሌክ ነው።

በ1928 ዓ.ም. በደሴ ሆስፒታሉ ከተመታ በኋላ ቁስለኛ ማከማቸውን ያልተዉት ሐኪሞች አልፈሩም ብለን አንናገርም። የሚነድ ቤት እያለ የወደቀን ሰው የሚሸከም ሰው ጕልበቱ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ ጕልበትም መሸከም ይችላል።

ይህን ሁሉ የምንናገረው ከመጽሐፍ ብቻ ስላነበብነው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ የሕወሓት ኃይሎች ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በተቃረቡ ጊዜ እኛ በደሴ ነበርን። ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ አስቀድሞ የከተማውን ትምህርት ቤቶች ሞልቷቸዋል። በእጅ ስልክ የሚመጣው ወሬ ከመድፉ ድምፅ ይብስ ነበር፤ ፍርሃት በሁለት ሌሊት ጎረቤትን በጎረቤቱ ላይ አስጠረጠረ። አንድ ቀን ማታ ከጸሎት በኋላ አንዲት እናት ወደ እኛ ቀርበው፣ «አባ፣ ብሸሽ እምነቴን መካድ ይሆንብኛል?» ብለው ጠየቁን። እኛም ነገሩን ሳንመረምር፣ «እማማ፣ የሚያምን ሰው አይሸሽም፤ ይቀመጡ» አልናቸው።

ያ ወር ወርኃ ጽጌ ነበር። እመቤታችን ልጅዋን ይዛ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብፅ መሸሽዋን በየሳምንቱ ሌሊቱን ሙሉ ቆመን እየዘመርን፣ ለአንዲት አሮጊት እናት መሸሽን ኃጢአት አደረግንባቸው። ይህን ያህል ዘመን ቅኔ መማራችን በዚያች ማታ ምን ጠቀመን?

ከዚህም የሚብሰው ተከተለ። ሁለት ቀን ሳይሞላ፣ ጥቅምት 20 ቀን ገደማ፣ እኛው ራሳችን ልጆቻችንን ይዘን በሐረጎ ቍልቍለት ወደ ኮምቦልቻ ከሚወርደው ሕዝብ ጋር ተቀላቀልን። መንገዱ በሰውና በጭነት ተጨናንቆ ነበር፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ እንደዚያን ቀን ርቆብን አያውቅም። ከኮምቦልቻም አልፈን ወደ ደብረ ብርሃን ሄድን። ልጆቻችንን ማሸሻችን አይጸጽተንም። የሚጸጽተን፣ ለራሳችን የፈቀድነውን ለእኒያ እናት መከልከላችን ነው።

የመንግሥት ጦር ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙ የተነገረው ኅዳር 27 ቀን፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ማግሥት ነበር። እኛም በታኅሣሥ ተመልሰን መጀመሪያ የሄድነው ወደ እኒያ እናት ቤት ነው፤ ይቅርታ ልንለምን። ቤታቸው አልነበሩም። ያገኘናቸው በጎረቤታቸው ቤት፣ ከአልጋ መነሣት የማይችሉ አንዲት እስላም ባልቴት ራስጌ ተቀምጠው አጥሚት ሲያጠጡ ነው። ያን ሁሉ ሳምንት በዚያው ቤት ከርመዋል። የቀሩት በእኛ ቃል አልነበረም፤ «እርስዋን ማን ያገላብጣታል ብዬ ነው እንጂ» አሉን። ይቅርታችንን ለመናገር ስንጀምር እጃቸውን አነሡና አቋረጡን።

«ፈርቼ ነበር አባ፤ አሁንም በር ሲንኳኳ እፈራለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ልጆቹስ ደኅና ገቡ?» ብለው ጠየቁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።