ለተከራካሪያቸው የመሰከሩ ሊቅ

በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ዘይለዒ የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ሊቃውንት አሉ፤ ደረሳ ብዙ ጊዜ ያምታታቸዋል። ሁለቱም ሐነፊ ናቸው፤ ሁለቱም ካይሮ ላይ አስተምረዋል፤ ታናሹ የታላቁ ደረሳ ነበሩ። ስማቸው የዘይላን ወደብ ይጠራል። በዚያ ዘመን ግብጽና ሻም ውስጥ ዘይላ ማለት ወደቡ ብቻ አልነበረም፤ የዘመኑ ጸሐፊ አል-ዑመሪ ኢፋትን፣ ደዋሮን፣ ሐድያንና ባሌን ጨምሮ ሰባቱን የሙስሊም ግዛቶች በዚሁ ስም ጠቅልሎ ጽፏል። የእኛው ምድር ስም ነው ብዬ የምኮራበት ለዚህ ነው።

ታላቁ ፈኽሩዲን ዑስማን በ705 ዓመተ ሂጅራ ካይሮ ገቡ፤ ሲያስተምሩና ፈትዋ ሲሰጡ ኖረው በ743 አረፉ። «ከንዝ አድ-ደቃኢቅ» ለተባለው አጭር መትን የጻፉት ሰፊ ማብራሪያ «ተብዪን አል-ሐቃኢቅ» ይባላል።

እኔን የሚይዘኝ ግን የታናሹ የጀማሉዲን ዐብደላህ ሥራ ነው። የሐነፊዎች ዋና ኪታብ «ሒዳያ» ሐዲስ ሲጠቅስ ብዙ ጊዜ ምንጩን አይናገርም። ጸሐፊው መርጊናኒ ፍርዱን ያስቀምጣል፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲህ ብለዋል ይላል፣ ያልፋል። ሐነፊዎች ከሐዲስ ይልቅ በራሳቸው አስተያየት ይፈርዳሉ የሚለው ወቀሳ በበዛበት ዓለም ይህ ቀላል ክፍተት አልነበረም። ጀማሉዲን ከጠሃራው ምዕራፍ ጀምረው እያንዳንዱን ሐዲስ ተከታተሉ፦ የትኛው ኪታብ ላይ አለ፣ እነማን አስተላለፉት፣ ከመካከላቸው ደካማ የተባለው ማን ነው። ምንጩን ያጡለትን አላገኘሁትም ብለው መዘገቡ። ከዚያ ደግሞ ማንም ያላዘዛቸውን አደረጉ፤ በየጉዳዩ የተከራካሪውን መዝሀብ ሐዲሶች ፈልገው ከራሳቸው ማስረጃ ጎን አሰፈሩ። «ነስብ አር-ራያ» የተባለው ኪታብ ይህ ነው።

እኔ ወሎ ውስጥ ያደግሁት ሐነፊና ሻፊዒ በአንድ መስጊድ በሚሰግዱበት ሰፈር ነው። ኢማሙ ቢስሚላህን ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀራ አልቀራም የሚለው ክርክር ከሶላት በኋላ ደጃፍ ላይ ይቀጥል ነበር፤ አባቴም ሸኾቹን አስቀምጦ ቡና እያስፈላ ያዳምጣቸው ነበር። በኋላ ኪታቡን ገልጬ ስቀራ ያንኑ ጉዳይ አገኘሁት፣ ጀማሉዲን ረጅም ከሄዱባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የሻፊዒዎቹን ሐዲሶች አንድ በአንድ ከነአስተላላፊዎቻቸው ያቀርባሉ፣ ይመረምራሉ። በመጨረሻ የሚያጋድሉት ወደ ራሳቸው መዝሀብ ነው፤ ሆኖም እርሳቸውን ለመሞገት የፈለገ ሻፊዒ የሚያስፈልገውን ያህል ማስረጃ እዚያው ገጽ ላይ ያገኛል። እንዲህ ያለ ድፍረት በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ አላየሁም።

ብቻቸውንም አልሠሩም። የሻፊዒ መዝሀቡ ዘይኑዲን አል-ዒራቂ በዚያው ጊዜ የገዛሊን «ኢሕያእ» ሐዲሶች ምንጭ ይፈልጉ ነበርና ሁለቱ ኪታብ እያገላበጡ ይረዳዱ ነበር። ጀማሉዲን በ762 ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱ ሥራቸው በሌሎች እጅ ቀጠለ። ሻፊዒው ኢብን ሐጀር አሳጥረው «ዲራያ» አሉት። ሐነፊው ቃሲም ኢብን ቁጥሉቡጋ ደግሞ አልተገኙም ከተባሉት ሐዲሶች የቻሉትን ፈልገው አገኙ፤ ለብቻው መጽሐፍም አደረጉት።

ወደ ማተሚያ ቤት የገቡት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። የዑስማን «ተብዪን» ከ1313 ዓመተ ሂጅራ ጀምሮ በካይሮው ቡላቅ ማተሚያ ቤት በስድስት ቅጽ ታተመ፤ የሸለቢ ሓሺያ (የኅዳግ ማስታወሻ) በዙሪያው ተደርድሮ፣ ልክ በእጅ ጽሑፍ ዘመን ደረሳ ማስታወሻውን በዳር እንደሚጽፈው። «ነስብ አር-ራያ»ን ያሳተሙት ግን ግብጻውያን አልነበሩም። በሕንድ ጉጅራት፣ ዳቤል የነበረው አል-መጅሊስ አል-ዒልሚ ዩሱፍ በኑሪንና አሕመድ ሪዳ ቢጅኖሪን ካይሮ ድረስ ልኮ ሥራውን አስጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 በአራት ቅጽ ወጣ። መግቢያውን የጻፉት ከኢስታንቡል ተሰደው ካይሮ የከተሙት ሙሐመድ ዛሂድ አል-ከውሰሪ ናቸው። የኢብን ቁጥሉቡጋ ማሟያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 በእኚሁ ሰው ጥረት ታተመ። አሁን «ነስብ አር-ራያ»ን የሚቀራ ሰው አላገኘሁትም የሚለው ቦታ ሲደርስ ሁለተኛውን መጽሐፍ ገልጦ ያያል።