ቡናው ሲታጠብ ወንዙስ?

ጌዴኦ ውስጥ ቡና ከእንሰትና ከዛፍ ጥላ ጋር የኖረ ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ግን እርጥብ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ወደ አገራችን ገቡ፤ የይርጋጨፌ እሸት ቡናም ታጥቦ በዓለም ስሙ ገነነ። ወንዙስ? ከፍሬው የሚታጠበው ዝልግልግ ነገር ስኳር አለው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች እየበሉት ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል። ለቀማው ደግሞ የሚጧጧፈው ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል ነው!

ታዲያ ማን ይቆጣጠር? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተቆጣጣሪው ሳያሳውቅ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጭምር እንዲገባ ይፈቅድለታል። የተቀዳው ናሙና በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨለማ ውስጥ 5 ቀን ይቆይና የጎደለው ኦክስጅን ይለካል። ችግሩ፣ ውጤቱ ሲደርስ ውሃው ወደ አባያ ወርዷል። ለዚህ ነው ፍሳሹ ወንዝ ሳይነካ ጉድጓድ ውስጥ መጠራቀም ያለበት። አዋጁ ለእናንተም ቦታ ሰጥቷል፦ ማንም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አቤት ማለት ይችላል።